ዘጠኙ የወረዱ ድምፆች

አሻግሬ ፒያኖ ሊቃኝ ሲገባ ስልኩን መኪናው ውስጥ ይተዋል። ጆሮውን የሚሻማው ነገር አይፈልግም። ያን ቅዳሜም ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ ፓርክ አድርጎ፣ ስልኩን ትቶ፣ የመሣሪያ ቦርሳውን ይዞ አንድ ኮሌጅ የሙዚቃ አዳራሽ ገባ። ዓርብ ማታ የተላከለት ኢሜል እዚያው ስልኩ ላይ ነበር። «ፒያኖውን እባክህ እንዳትነካው» ይላል።

አሻግሬ ኀምሳ ስምንት ዓመቱ ነው። አዲስ አበባ በአንድ የሙዚቃ ትምህርት ቤት አሥራ አንድ ዓመት ፒያኖ ጠግኗል። ዲቪ ደርሶት ዳላስ ሲመጣ መጀመሪያ ኤርፖርት ሻንጣ ጫነ፤ ቀጥሎ የሆቴል ቫን ነዳ። አንድ ቀን ዳላስ አጠገብ ባለችው ጋርላንድ ከተማ፣ መንገደኛ ባደረሰበት ቤተ ክርስቲያን ውስጥ፣ ቅኝቱ የወረደ ፒያኖ ሰማ። «እኔ ላስተካክለው እችላለሁ» አለ። አሻግሬ አስተካክሎ እስኪጨርስ ፓስተሩ አጠገቡ ቆሞ ጠበቀ፤ ከዚያ ስለ እሱ ሊነግር ለሌላ ፓስተር ደወለ። ዛሬ ከሜስኪት እስከ ፎርት ወርዝ ስልሳ ያህል ፒያኖዎች በእሱ እጅ ናቸው። ቫኑን ከተወ ሰባት ዓመት ሆነው።

ከትምህርት ቤቱ ይዟት የመጣት አንዲት ልማድ አለችው። እዚያ መለዋወጫ ክር አልነበረም። የወረደ ክር ምን ያህል እንደወረደ ሳይታወቅ ከተጎተተ ይበጠሳል፤ ከተበጠሰ ምትክ የለውም። ስለዚህ መፍቻውን ከማሳረፉ በፊት እያንዳንዱን ድምፅ ለክቶ ደብተር ላይ ይጽፋል። መድረክ የሚያዘጋጀው ገመቹ በዚህ ይስቅበታል።

«ጋሼ፣ ክር'ኮ አሁን ኦርደር ካደረግክ ነገ በርህ ላይ ነው።»

«አንተ ወንበርህን ደርድር።»

የዚያን ቀን ከመሀል አካባቢ ዘጠኝ ድምፆች ወርደው አገኛቸው። እያንዳንዱ ድምፅ ሦስት ክር አለው፤ ሦስቱም እኩል ወርደዋል። አየር ሲለዋወጥ ክር ይወርዳል፤ እንዲህ በእኩል ግን አይወርድም። አሻግሬ ይህን አስተውሏል። መፍቻውን ይዞ ለአፍታ ቆመ። ከዚያ ዘጠኙንም ደብተሩ ላይ ጻፈና አስተካከላቸው። የተቀጠረው የወረደ ድምፅ ወደ ቦታው ሊያወጣ ነው።

አራት ሰዓት ላይ ዙልሚራ ባርሴላር ገባች።

ዙልሚራ የሙዚቃ ደራሲ ናት፤ ስልሳ አንድ ዓመቷ ነው። የተወለደችው ሰሜን ብራዚል ውስጥ፣ ከሰዓት በኋላ ዝናብ በማያጣት በቤሌም ከተማ ነው። አባቷ የጀልባ ሞተር ይጠግን ነበር። ሳኦ ፓውሎ ተማረች። በሃያ አራት ዓመቷ ለአራት ባለክር መሣሪያዎች የጻፈችው የመጀመሪያ ሥራዋ የሚጫወተው አጥቶ ስድስት ዓመት መሳቢያ ውስጥ ተቀመጠ። ሲሰማ ግን ሌሎች ጻፊልን አሏት። ቴክሳስ ኮሌጅ ልታስተምር ከመጣች አሥራ ስድስት ዓመት ሆኗታል። ሥራዎቿን አሻግሬ የሚያውቃቸው በፒያኖው ላይ ባደረሱት ጉዳት ነው። ለሁለት ፒያኖና ለጣሪያ ቆርቆሮ የጻፈችው ሁለት ክር በጥሷል። ቃል የሌለው ቅዳሴዋ ክሮቹ መካከል ላጲስ ያስገባል። አንዱ ሥራዋ ሙሉውን በጡጫ ነው።

ዙልሚራ አንድ ቁልፍ ተጫነች። ሌላ ተጫነች። ከዚያ ተቀመጠች።

«ሚስተር አሻግሬ፣ ኢሜሌን አላየኸውም?»

«ስልኬ መኪና ውስጥ ነው። ምን ይል ነበር፣ ዶክተር?»

«ፒያኖውን እንዳትነካው።»

ስምንት ሰዓት ላይ አዲሱ ሥራዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ይቀርባል። ለፒያኖና ለአራት ባለክር መሣሪያዎች ነው፤ ስሙ «ከሰዓት በኋላ» ይባላል። ዘጠኙ ድምፆች ያደገችበት ቤት ቆርቆሮ ላይ የሚወርደው ዝናብ ናቸው። ሁለት ቀን ሙሉ በተዋሰችው መፍቻ እያወረደች ስትፈልጋቸው ከርማለች።

«በምን ለኩት?» አላት።

«በጆሮዬ። አሁን እንደገና ብሞክር የሌላ ሰው ቤት ነው የሚሆነው።» ከቦርሳዋ ሌላ ኖታ አወጣች። «የድሮ ሥራ እናቅርብ።»

ገመቹ ወንበር እንደያዘ ቀረብ ብሎ በአማርኛ ጠየቀው። «ጋሼ፣ አበላሸኸው?»

«አስተካከልኩት።»

«ኦኬ፣ ያው ነው እኮ።»

አሻግሬ ደብተሩን ከፍቶ ሰጣት። ከአንዱ ቁልፍ እስከ ቀጣዩ ያለው ርቀት መቶ ቢባል፣ ሬ የምትባለው ድምፅ ሠላሳ አንድ ወርዳለች፤ ላ የምትባለው አሥራ ስምንት። ዘጠኙም አሉ። ዙልሚራ መነጽሯን አደረገች፤ ዓምዱን ከላይ እስከ ታች ሁለት ጊዜ አነበበች።

«መመለስ ትችላለህ?»

«መመለስ እችላለሁ። ግን ወጥቶ እንደገና የወረደ ክር ቦታውን አይጠብቅም። ኮንሰርቱ መሀል ወደ ላይ ሊሄድ ይችላል። ስንት ደቂቃ ነው?»

«አርባ።»

«ለአርባ ደቂቃ እሞክራለሁ።»

የድሮውን ኖታ ቦርሳዋ ውስጥ መለሰችው።

ያወርዳል፣ ክሩ እንዲረጋ ቁልፉን አጥብቆ ይመታል፣ ይለካል፣ እንደገና ያወርዳል። እያንዳንዱን ሦስት ጊዜ ዞረበት። ገመቹ ጫማውን አውልቆ በካልሲ ወንበር ደረደረ። አንድ ቦታ ላይ አሻግሬ ቆመ። ሲ የሚባሉ ሁለት ድምፆች ነበሩ፤ ታችኛዋ ሃያ ሁለት፣ ላይኛዋ ሃያ ስድስት።

«እነዚህ እኩል አይደሉም። ስህተት ነው?»

ዙልሚራ ደብተሩን አየች። «ስህተት ነው። ተወው፤ ጣሪያውም እኩል አልነበረም።»

ስድስት ተኩል ላይ ጨረሰ። አሻግሬ ኮንሰርት አይቶ አያውቅም፤ ሰው መግባት ሲጀምር ነው የሚወጣው። የዚያን ቀን ግን መፍቻውን ኪሱ ከቶ መጋረጃው ጀርባ ቆመ። ሲጀመር ሰዓቱን አየ። ዘጠኙን ብቻ እየጠበቀ ሌላውን አሳለፈው። በሠላሳ ሦስተኛው ደቂቃ ላ ትንሽ ወጣች። መፍቻውን ጨበጠ፤ የሚያደርገው ነገር ግን አልነበረም። ሌሎቹ ስምንቱ ጸኑ። ዝናቡ እያባራ ሄዶ አለቀ፤ ሰዉም ቆሞ አጨበጨበ።

ዙልሚራ ከመድረክ ስትወርድ የደብተሩን ገጽ ጠየቀችው።

«ደብተር አልቀድም። ኮፒ ያድርጉ።»

ኮፒ አደረገች። ዛሬ የ«ከሰዓት በኋላ» ኖታ የመጀመሪያ ገጹ ላይ ዘጠኝ ቁጥሮች አሉት፤ የእጅ ጽሑፉ የአሻግሬ ነው።

ገመቹ ወንበሮቹን እየደራረበ ጠበቀው። «ሶ፣ ጋሼ፣ ሙዚቃው እንዴት ነበር?»

«ላ ከመቶ ሁለት ወጣች» አለ አሻግሬ። መፍቻውን ጠርጎ ቦርሳው ውስጥ አስቀመጠ። «ሌላው ጥሩ ነበር።»