መታጠፊያው ላይ የተሰጣው ቡና

ባለቤቴ አስተማሪ ነበር። ማታ ማታ አንድ የወንጀል ምርመራ ልብ ወለድ ይጽፋል። በልጅነቱ ያነበባቸው፣ በጊዜ ውስጥ ስለሚጓዙ ሰዎች የሚተርኩ የቆዩ መጻሕፍት ከልቡ አልወጡም። የእሱ ዓለም ግን እዚሁ ነበር። በዚያ ዓለም ቡና ከእኛ ጫካ ወጥቶ አያውቅም፤ ዘሩን ባሕር ያሻገረ ነጋዴ የለም። ስለዚህ የዓለም ሰው ሁሉ ቡና ፍለጋ ወደ ከተማችን ወደ ሚዛን ይመጣል፣ ቴፒ ውስጥ ባቡር ከመሬት በታች ይሄዳል፣ ዘር ይዞ የተገኘ ሰው ምሕረት የለውም። መርማሪው ዘር የሚያሸሹትን በሞተር ብስክሌት ያሳድዳል። ሞተሩ የባለቤቴ አሮጌ ሞተር ነው፤ እዚያም ካልተለመነ አይነሳም።

አምና በለቀማ ወቅት ባለቤቴ ወደ ቴፒ በሚወስደው መንገድ አንድ መታጠፊያ ላይ ወድቆ ሞተ። ፖሊስ ዝናቡ ነው አለ። ከሆስፒታል የሰጡኝ ጃኬቱ እጅጌ ላይ ግን የተጨፈለቀ እሸት ቡና ነበረበት፤ ቀይ ልጣጩ እንደ ማር ጣቴ ላይ ተጣበቀ። መታጠፊያው የአንድ ቡና ነጋዴ መጋዘን ፊት ለፊት ነው። ሰውየው ቡና የሚያደርቅበት የሽቦ አልጋ ሲሞላበት የተረፈውን አስፋልት ላይ እንደሚያሰጣ መንገደኛው ሁሉ ያውቃል። ፖሊስ ሲደርስ ግን አንዲት ፍሬ አልነበረም። መንገዱ ሁሉ ጭቃ ሆኖ ያ ቦታ ብቻ ንጹሕ ነበር።

ተናገርኩ። "ሐዘኑ ነው የሚያናግራት" አሉ። ነጋዴው የእድራችን ዳኛ ነው። ድንኳኑን ያስተከለው እሱ፣ አስከሬኑ ሲወጣ ደረቱን የደቃውም እሱ። ከዚያ ወዲያ የፈለግሁት አንድ ነገር ነው፤ ሰው በተሰበሰበበት፣ በገዛ አፉ እንዲያወጣው።

ልብ ወለዱን ልጨርሰው ተቀመጥኩ። ቀኑን ሙሉ ተቀምጬ አንድ ዓረፍተ ነገር ከወጣልኝ ጥሩ ነበር። ችግሩ፣ ባለቤቴ ባበጀው ዓለም ቡና እንደ ወርቅ ይጠበቃል እንጂ አስፋልት ላይ አይሰጣም። ስለዚህ እዚያ እሱ አይሞትም፤ የምበቀለውም ሰው የለኝም። እዚያ ላይ ብዙ ጊዜ ቆምኩ። በመጨረሻ፣ ሲሸሽ የነበረ ነጋዴ የቡና ጆንያው መታጠፊያው ላይ ፈሰሰበት ብዬ ጻፍኩ። የመርማሪው ሞተር ተንሸራተተ። ወደቀ፤ ከዚያ ጉልበቱን አራግፎ ተነሳ። ይህችን ጽፌ በረንዳ ወጥቼ አለቀስኩ።

በሙት ዓመቱ እንግዶቹ በልተው ሲጨርሱ፣ የጀመረውን ላንብብላችሁ አልኩ።

"በዚያ ዓለም ባጃጅ አለ?" አለች ጎረቤቴ።

"አለ። ሾፌሮቹ ግን ሳይጠየቁ መልስ ይሰጣሉ።"

"በይ ተረት ነው ማለት ነው።"

ሰው ሳቀ፤ ነጋዴውም ሳቀ። መታጠፊያው ጋ ስደርስ ቀና ብዬ አየሁት። የቡና ሰው ሌባ ቢሉት ይስቃል፤ ቡናውን ሲነቅፉበት ግን አይችልም። ይህን አውቄ ነው የጻፍኩት።

"መርማሪው ከአስፋልቱ ላይ ፍሬ አንስቶ አየ" ብዬ አነበብኩ። "ግማሹ ጥሬ፣ ግማሹ የሻገተ ነው። 'የዚህ ባለቤት አረንጓዴውን ከቀዩ ጋር የሚሸመጥጥ፣ ቡና የማያውቅ ሰው ነው' አለ።"

"እህቴ፣ ልብ ወለድም ልክ አለው" አለ ነጋዴው። "የሻገተ አልነበረም።"

"ምኑ፣ ጋሼ?"

"ቡናው ነዋ። የዚያኑ ለት ጠዋት የተለቀመ፣ ቀይ ለቀይ ነው። አንድ ጥሬ አልነበረበትም። እኔው ራሴ ነኝ የጠረግሁት፣ አላውቀውም እንዴ?"

ጎረቤቴ ብርጭቆዋን አስቀመጠች።

"የየትኛው ለት?" አሉ የነፍስ አባቴ።

ነጋዴው ዙሪያውን አየ። "አባ፣ እኔ እኮ ስለ ድርሰቱ ነው።"

"ድርሰቱ ውስጥ የጠረገ ሰው የለም" አልኩት።

ተነስቶ ነጠላ ጫማውን ሲፈልግ ማንም አልረዳውም። በማግስቱ ጎረቤቴና የነፍስ አባቴ አብረውኝ ፖሊስ ጣቢያ ሄደው የሰሙትን ተናገሩ። ሳምንቱ ሳያልቅ ሰውየው ሽማግሌ ላከብኝ።

"ልጄ፣ የሞተ አይመለስ። ተዪው" አሉኝ ትልቁ።

"በዚህኛው ዓለም አይመለስም፤ በዚህኛው ዓለም ይጠየቅልኝ" አልኳቸው።

ቡና ሳላፈላ ሸኘኋቸው።