ቡና ሆድ ይሞላል እንዴ?

ሕመሜን ከሁሉ ቀድሞ ያወቀው ስልኬ ነው። የሚደውል ሁሉ «ጤና ይስጥልኝ ጋሼ» ይለኝ ጀመር። እኔ መቱ ውስጥ ሒሳብ የማስተምር፣ ሴትነቴ እስከዚያ ድረስ ተጠርጥሮ የማያውቅ ሰው ነኝ። ድምፄ ግን ጎርንኖ ጎርንኖ አንድ የተማሪ አባት «እባክዎ ለባለቤትዎ ይንገሩልኝ» አለኝ። ማስረዳቱ ስለደከመኝ «እሺ፣ እነግራታለሁ» ብዬ ዘጋሁት።

ድካሙ ጉድ ነበር። ተማሪዎቹ መልመጃ ሲሠሩ እኔ በሹራብ ላይ ጋቢ ደርቤ አንቀላፋለሁ። መቱ ዝናብ ቢበዛባትም ይህን ያህል የሚያስለብስ ብርድ የላትም። ቀሚሶቼ ጠበቡኝ፣ ፀጉሬ ማበጠሪያው ላይ እየቀረ አለቀ። ሳይነካ የቀረው ቁጣዬ ብቻ ነው።

ሐኪም ቤት ስሄድ ሐኪሟ ደሜን ወሰደች። ያን ጊዜ ምርመራው እኛ ጋ ስለማይሠራ ደሜ በመኪና ጅማ ተላከ። እኔ ለስንት ዓመት ጅማን ልይ ልይ ስል ደሜ ቀደመኝ። ውጤቱ ሲመጣ «የእንቅርት ዕጢሽ ሰንፏል» አለችኝ። እኔም ይህን ቃል ሳልቀንስ ሳልጨምር ይዤው ቤት ገባሁ።

ቤት ማለት እኔና አማቴ ነን። ባሌ ያዮ ከተማ ስለሚሠራ የሚመጣው ቅዳሜ ቅዳሜ ነው። እናቱን እትዬ ነው የምላቸው። በሰፈራ ከወሎ መጥተው እዚሁ ያረጁ፣ ሲቆጡ ኦሮምኛውን ከእኔ ከአገሬው ልጅ አስበልጠው የሚያቀላጥፉት ሴት ናቸው። አንገቴን በሁለት እጃቸው ዳበሱኝ።

«እንቅርቱ የታለ?»

«አላበጠም እትዬ፣ ሰንፎ ነው።»

«ደሞ እንቅርትም ይሰንፋል?» አሉና ለጎረቤት ሊነግሩ ወጡ። ከዚያ ወዲያ የሰፈሩ ሴት ሁሉ ሲያወራኝ ዓይኑ አንገቴ ላይ ነበር።

መድኃኒቱ በየጠዋቱ፣ ዕድሜ ልክ የሚዋጥ ትንሽ ክኒን ነው። የመድኃኒት ቤቱ ሰው እንዳልረሳ በሁለት ቋንቋ አስጠነቀቀኝ፦ «ጋራ ዱዋ! በባዶ ሆድ!» ይህንኑ ለእትዬ ስነግራቸው «ታዲያ ምን ችግር አለው፣ በቡና ትውጫታለሽ» አሉ።

«ቡና ይሆናል?»

«ቡና ሆድ ይሞላል እንዴ? እህል ካልገባበት ባዶ ነው።»

አሰብኩት፣ ልክ ናቸው። እኛ አገር ሦስት ሲኒ የጠጣ ሰው «ከጠዋት ጀምሮ ምንም አልቀመስኩም» ቢል ማንም ውሸታም አይለውም።

ደግሞ ያቺ የጠዋት ሲኒ ለእኔ ቀላል ነገር አልነበረችም። ከእትዬ ጋር የማንጣላበት ነገር የለም። በወጡ ጨው እንጣላለን፣ በልብስ አሰጣጥ እንጣላለን፣ በር በመዝጋት እንጣላለን። ሊነጋጋ ሲል ኩሽና ውስጥ በርጩማ ስበን ስንጠጣ ግን አንጣላም። ያለን ሰላም ያ ብቻ ነበር፤ እሱ ከቀረ እንዴት አብረን እንደምንኖር አላውቅም።

ከጥቂት ወራት በኋላ ሁለተኛው ውጤት መጣ። ቲ ኤስ ኤች የሚባለው ቁጥር ከበፊቱ ጨምሯል። የሒሳብ አስተማሪ አይደለሁ? የጨመረ ነገር መቼም ጥሩ ነው ብዬ እትዬን «ከፍ ብሏል» አልኳቸው። እልል አሉ።

ሐኪሟ ግን ወረቀቱን ስታይ ፊቷ ተቋጠረ። «ይሄ ቁጥር የዕጢሽ ሥራ አይደለም» አለችኝ። «አንጎልሽ ሥር አንድ አለቃ አለ። ዕጢው ሲተኛበት ‹ሥራ!› እያለ ይጮኽበታል። ይሄ የጩኸቱ ልክ ነው። ከፍ ካለ ዕጢው ለጥ ብሎ ተኝቷል ማለት ነው።» የትምህርት ቤታችን ርዕሰ መምህር ትዝ ሲለኝ ነገሩ ወዲያው ገባኝ።

የመድኃኒቱን መጠን ጨመረችልኝ። በሚቀጥለውም ጊዜ አለቃው ጩኸቱን አልተወም። እንደገና ጨመረችልኝ፣ እሱም አልሰማ። በመጨረሻ ብዕሯን አስቀምጣ «ለመሆኑ በምንድን ነው የምትውጪው?» አለች።

«በቡና ነዋ» አልኩ ኮራ ብዬ።

ጠረጴዛው ላይ ተደፍታ ሳቀች። «ጥፋቱ የእኔም ነው። የጎሬ፣ የቡና አገር ልጅ ሆኜ ይሄን ሳልጠይቅሽ!» ቡናው መድኃኒቱ ከሆድ ወደ ደም እንዳያልፍ እንደሚይዘው አስረዳችኝ። ከእንግዲህ በውሃ ብቻ ልውጥ፣ ቡናውን ከአንድ ሰዓት በኋላ ልጠጣ። መጠኑንም መልሳ ቀነሰችው። «ደህና አድርጎ ሲገባ የጨመርኩልሽ ይበዛና ልብሽን ያስደልቀዋል» አለች።

መንገዱን ሁሉ ለእትዬ እንዴት እንደምነግራቸው ሳስብ መጣሁ። ዙሪያውን ብዞርበት ከቡናቸው ውጭ የሚከሰስ ነገር አጣሁ። ነገርኳቸው። ጮኸው ቢቆጡ ደስ ባለኝ፣ የለመድኩት ነው። እሳቸው ግን ቀስ ብለው «እንግዲህ ስመርዝሽ የከረምኩት እኔ ነኛ» አሉ።

በማግስቱ ክኒኑን በውሃ ውጬ ኩሽና ስገባ ምድጃው ላይ ምንም የለም። እትዬ ግንባራቸውን በሻሽ ጥፍር አድርገው አስረው፣ ፊታቸውን አጨፍግገው ተቀምጠዋል። «እንዴት አደሩ» ስላቸው መልሱ «እህ» ነው። ሰዓቱ ሲሞላ ብድግ ብለው ቡናውን ጣዱ፣ ጠጣን፣ ሻሹን ፈቱ። በማግስቱም እንዲሁ፣ በሳልስቱም እንዲሁ ሆነ።

ኩርፊያ መሆኑ ነው ብዬ ደሜ ፈላ። እኔ ወድጄ ነው የታመምኩት? እኔም አኮረፍኩ። ፊት ለፊት ተቀምጬ የፈተና ወረቀት አርማለሁ፤ የዚያን ሰሞን የእኔ ተማሪዎች ያገኙት ውጤት እስካሁን ያሳዝነኛል። ለባሌ ደውዬ «እናትህ አኩርፈውኛል» ስለው «ይተዉታል» አለኝ። ያዮ ቁጭ ብሎ እንዲህ ማለት ቀላል ነው። ያቺ ሰላማችን አለቀላት ብዬ ግን ከልቤ አዝኜ ነበር።

ከሳምንታት በኋላ የመጣው ውጤት ሌላ ነው። ቁጥሩ ወደ ጤነኛ ሰው ልክ ወርዷል። ቤት ስደርስ እትዬ ገበያ ወጥተዋል፣ ጎረቤታችን ደጃፍ ላይ አገኘችኝ።

«ወረደ!» አልኳት።

«ውይ በሞትኩት!» ብላ ደረቷን መታች።

ይህኛው ቁጥር ሲወርድ ጥሩ መሆኑን እስካስረዳት ድረስ ስታለቅስ ነበር። ሲገባት እንባዋን ጠራርጋ «እሰይ፣ እንግዲህ እትዬም ከራስ ምታታቸው ይገላገላሉ» አለች።

«የምን ራስ ምታት?»

«ኤዬ! እስከ ዛሬ አልነገሩሽም? ሲነሱ ቡና ካልቀመሱ እኮ ራሳቸውን ይፈልጣቸዋል። ‹ልጄ በውሃ ተቀምጣ እኔ ፊቷ አልጠጣም፣ ሽታውም ያምራታል› ብለው ነው ሻሽ የሚያስሩት።»

ደጃፉ ላይ ቆሜ ቀረሁ። አፈርኩም፣ ደስም አለኝ፣ ሁለቱ ተደባልቀው እንባዬን አመጡት። ባኮረፍኩባቸው ጠዋት ሁሉ ለካ ፊት ለፊቴ ተቀምጠው አብረውኝ እየጠበቁ ነበር።

በማግስቱ ገና ሳይነጋጋ ተነሥቼ ክኒኔን ዋጥኩ። እትዬ ሻሻቸውን አስረው ኩሽና ሲገቡ ቡናው ፈልቷል፣ ሲኒያቸውም ተቀምጧል።

«ምነው ዛሬ በሌሊት? ምን ሆነሻል?»

«የእኔ ሰዓት አልፏል እትዬ። እንጠጣ፣ ራስዎን እንዳያምዎት።»

ሲኒውን አዩት፣ እኔን አዩኝ። ቀስ ብለው ሻሻቸውን ይፈቱ ጀመር።

«ማነው ራሴን እንደሚያመኝ የነገረሽ?» አሉ። «አኩርፌ ነው እንጂ።»