ከታች ባዶ የሚቀርበት ቀን

ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር ባለው የሳሌም ሻይ ቤት በር ላይ የቆመውን ጥቁር ሰሌዳ በየማለዳው የሚሞሉት አንድ ሽማግሌ ደንበኛዋ ናቸው። ሽርጣቸው የጠመኔ ብናኝ ጠጥቶ ከሩቅ ዱቄት ነጋዴ ያስመስላቸዋል። ከላይ የዕለቱን ቃል ከነፍቺው፣ ከታች ድሮ በዚያ ዕለት የሆነውን ይጽፋሉ፤ የድሬ ፍየል ለመጀመሪያ ጊዜ ባቡር ያስቆመችበት ቀን እንኳ አያመልጣቸውም።

የደቻቱ ወንዝ ሞልቶ ሰው የወሰደበት ቀን ሲመጣ ግን ታችኛው ባዶ ይቀራል። ዘንድሮም ከላይ «ጎረቤት፦ ስታንኳኳ የሚከፍትልህ ሰው» ብለው ጽፈው ጠመኔውን ኪሳቸው ከተቱ።

«አቦ አባባ! የፍየሏን ጽፈው የጎርፉን ይረሱታል?» አለች ሳሌም።

ሽማግሌው ዓይናቸውን ከሰሌዳው አልነቀሉም።

«ያን ለት ጎረቤቴ በሬን ሲደበድብ፣ ‹ዛሬም ሰክሮ መጣ› ብዬ ትራስ ጆሮዬ ላይ ጫንኩ። ጎርፉንስ እጽፈው ነበር፣ ልጄ፤ ከላይ ያለውን ፍቺ ምን ላድርገው?»