ገና ያልተያዘው ዓሣ

ይህ የገጠመኝ ባለፈው ጥር፣ ጥምቀት ባለፈ በሳምንቱ ነው። የሠራሁትን ነገር ለሰው ላሳይ ስልኬን ባወጣሁ ቁጥር ትዝ ይለኛል።

ባሕር ዳር፣ ግሽ አባይ ሰፈር ቤቴ ተቀምጬ ፕሮግራም እጽፋለሁ። ጎረቤቴ እትዬ ሰዓዳ ከጣና አጥማጆች ዓሣ ተረክበው ለሆቴሎች ያቀርባሉ። አንድ ትልቅ ሆቴል «የዛሬ ዓሣ መሆኑን በምን አውቃለሁ?» እያለ ውል ለመፈረም ሲያንገራግርባቸው፣ እኔ ማንም ሳይጠራኝ ጥልቅ አልኩና ፕሮግራም ሠራሁላቸው።

ዓሣው ከጀልባ ሲወርድ እሳቸው ስልካቸውን ይነካሉ፤ ሰዓቱ ብሎክቼይን በሚባል የጋራ የኮምፒዩተር መዝገብ ላይ ይጻፋል። አንዴ ከተጻፈ እኔም ሆንኩ እሳቸው ልንፍቀው አንችልም። እዚያ ላይ ግን የዓለም ሕዝብ ሁሉ ስለሚጽፍ የእኛን ለይቶ ማውጣት ራሱን የቻለ ሥራ ነው። ስለዚህ የእኛን ብቻ እየለቀመ የሚያሳይ ገጽ ሠራሁ።

ገጹን ልናሳይ በተቀጣጠርንበት ጠዋት ሆቴሉ እንግዳ መቀበያ ተገናኘን። የግዥ ኃላፊው ስልኬን ተቀብሎ አየ። ከዚያ የእጅ ሰዓቱን አየ።

«ከጀልባ የወረደው አራት ሰዓት ይላል።»

«አዎ!» አልኩ በኩራት።

«አሁን እኮ ሁለት ተኩል ነው።»

ዓሣው ገና አልተያዘም ማለት ነው። እሱ ግን እትዬ ሰዓዳ ባመጡት በረዶ ሣጥን ውስጥ ተጋድሟል።

«አይፋቅም ያላችሁኝ ይህን እንዳሻችሁ የምትሞሉትን ነው?» ብሎ ስልኬን መለሰልኝ። እትዬ ሰዓዳ ዞር ብለው አዩኝ። ውላቸው በእኔ ጉራ ሊበላሽ ነው።

ዓይኔ ሲንከራተት ለቱሪስት ተብለው ግድግዳው ላይ የተሰቀሉት ሰዓቶች ላይ አረፈ። ከሥሩ «ለንደን» የተጻፈበት አምስት ተኩል ይላል። ያኔ በራልኝ። ብሎክቼይን ለዓለም ሁሉ የሚጽፈው አንድ ሰዓት ነው፤ እሱም በጥር ከለንደን ጋር ይገጥማል። እኔ ወደ እኛ አቆጣጠር ሳልመልሰው እንዳለ ለጥፌዋለሁ። በፈረንጅ አቆጣጠር የለንደን ንጋት አራት ሰዓት ደግሞ የእኛ የጠዋቱ አንድ ሰዓት ነው!

እየተንተባተብኩ አስረዳሁ። ኃላፊው ግድግዳውን አየ፣ ስልኬን አየ፣ ደግሞ ግድግዳውን አየና በሳቅ ፈረሰ።

«ታዲያ በጣና ዓሣ ለንደንን ምን አገባት?»

ፈረመ።

ስንወጣ እትዬ ሰዓዳን በሩ ላይ ይቅርታ ጠየቅኳቸው።

«አብሽር ልጄ፣ ውሉ ቢቀር ሌላ ሆቴል አለ» አሉ። «እኔስ የደነገጥሁ ፊትህን አይቼ ነው። ውሃ አምጡለት ልል ነበር።»

ሰዓቱን በዚያኑ ዕለት አስተካከልኩ። በስህተቴ አሁን እስቃለሁ። እንጀራቸው አደጋ ላይ ሆኖ ለእኔ መጨነቃቸውን ሳስብ ግን ሆዴ ይባባል።