የጨው ነጋዴዋ ሁለተኛ ዓይን

ይህ ያጋጠመኝ በደርግ ጊዜ፣ ቢቸና አስተማሪ ሳለሁ ነው። ሳሎኔ የተሰቀለውን የአባቴን ሥዕል ያየ እንግዳ ሁሉ «ለምን ወደ ጎን ያያሉ?» ብሎ ስለሚጠይቀኝ፣ ልርሳው ብልም አልረሳውም።

ያደግኩት ሞጣ፣ በቀለም ሽታ መሀል ነው። አባቴ የቤተ ክርስቲያን ሰዓሊ ነበሩ። ሴት ነኝና ሙያውን አላስተማሩኝም፤ ቀለም እየበጠበጥኩላቸው ስላደግኩ ግን ሕጉን ሳላጠናው አውቀዋለሁ። ጻድቃን ፊት ለፊት፣ በሁለት ዓይን ይሣላሉ። ሰይጣንና ይሁዳ ግን በጎን፣ በአንድ ዓይን ነው።

ቢቸና ጎረቤቴ ከሐረር የተመደበ ጀማል የሚባል የጂኦግራፊ መምህር ነበር። ቤቱ ውስጥ ጓደኛው በውሃ ቀለም የሣለው ሥዕል ተሰቅሏል፤ ደጀን ላይ አውቶቡስ የሚጠብቁ ሰዎች። አንድ ሽማግሌ ጆንያው ላይ ተደግፎ ያንቀላፋል። አንዲት ጨው ነጋዴ ወደ መንገዱ ዞራ ታያለች፤ የሚታየው የፊቷ አንድ ጎን ብቻ ነው። መልአክ የለ፣ ንጉሥ የለ። እንደኛ ያለ ተራ ሰው እንደሚሣል ያወቅኩት ያን ቀን ነው። ዓይኔን መንቀል ሲያቅተኝ ጀማል «እሱን እያየሽ ለምን አትሞክሪም?» ብሎ ቀለሙን አዋሰኝ።

የውሃ ቀለም እንደ አባቴ ቀለም ትእዛዝ አይሰማም። ስንት ወረቀት አበላሸሁ! በመጨረሻ ደስ ያለኝን ይዤ ብሄድ ጀማል ሆዱን ይዞ ሳቀ። «ሴትዮዋ እኮ ጆሮዋ ሥር ዓይን አበቀለች» አለኝ። ለካ ሳላስበው ሁለተኛ ዓይን ጨምሬላታለሁ። ታዲያ ምን ላድርግ፣ ጨው በሸጠች ከይሁዳ ጋር ላስቀምጣት? ምክንያቴን ስነግረው ሳቁን ተወና የምታዪውን ብቻ ሣዪ አለኝ።

እንደ ምንም ጨክኜ በአንድ ዓይን ተውኳት። ያኔ ሴትዮዋ የምትተነፍስ መሰለችኝ። ለፋሲካ ሞጣ ስሄድ ሥዕሉን ጠቅልዬ ከቀለሙ ጋር ይዤ ገባሁ። ከሰው ሁሉ «ጎሽ» እንዲሉኝ የምፈልገው አባቴን ነበር።

አባቴ ብርሃን ላይ ይዘውት ብዙ ቆዩ።

«ይቺ ሴት ምን በደለችሽ?» አሉኝና ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙረው አስቀመጡት።

በየስብሰባው ሃይማኖት የሚነቀፍበት ጊዜ ነበር፤ ልጃቸው የተወሰደችባቸው መሰላቸው። «አስተምሬ አጣኋት» ማለታቸውን እናቴ ነገረችኝ። በዓሉ እንደ ሐዘን ቤት አለፈ። እኔም ብሩሽ የሚባል ነገር ዳግመኛ ላልይዝ ወሰንኩ፤ ከአባቴ የሚበልጥብኝ ሥዕል አልነበረም።

ወደ ቢቸና ከመመለሴ በፊት፣ በገበያ ቀን፣ አባቴ ተከተይኝ ብለው ይዘውኝ ወጡ። ገበያው ዳር ቆመን ሰዉን ማየት ጀመሩ። አንዷ እህል ትሰፍራለች፣ አንዱ አህያ ይነዳል፣ ሌላው ዋጋ ይከራከራል። ሁሉም በየጉዳዩ ነው፤ ፊቱን ወደ እኛ ያዞረ ማንም የለም። አባቴ አንዲት ጨው ሻጭ ላይ ዓይናቸውን ተክለው ቆዩና ጋቢያቸውን አጣፍተው እንሂድ አሉ።

ቤት እንደደረስን ሥዕሉን አንስተው ፊቱን ወደ ሰው መለሱት። ከዚያ የሚቀመጡባትን ዱካ በሩ ላይ አድርገው፣ ወደ ደጅ ዞረው ተቀመጡ።

«በይ እኔን ሣዪኝ» አሉ።

«አባባ፣ ወደ እኔ ይዙሩልኝ እንጂ» አልኳቸው።

አልዞሩም።

«ከጻድቃን ወገን ነህ ያለኝ ማን ነው? እንዳየሽኝ ሣዪኝ።»

እያለቀስኩ ሣልኳቸው። እንባዬ ጠብ ብሎ ቀለሙን ያደበዘዘበት ቦታ ትከሻቸው ላይ እስከ ዛሬ ይታያል።

አባቴ ካረፉ ብዙ ዘመን ሆነ። ጀማልም ተቀይሮ ሄደና ወሬው ጠፋ። እንግዶች ሲጠይቁኝ ደጁን እያዩ ነው ብዬ አልፈዋለሁ። እውነቱ ግን ዕድሜያቸውን ሙሉ ለክፉዎች ብቻ ይሰጡት የነበረውን ቦታ፣ እኔን ላለማጣት ሲሉ ራሳቸው ተቀመጡበት። ይናፍቁኛል።