ልጄ ከሄደች ስወድቅ ማን ይይዘኛል

ወገኖቼ፣ ስሙ ይባረክ! ዛሬ ልመሰክር የቆምኩት ተፈወስኩ ልላችሁ አይደለም። በሽታዬ አለ፤ ፍርሃቴም አለ። ግን ጌታ ያደረገልኝን ውጬ ዝም አልልም።

የሚጥል በሽታ እንዳለብኝ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ከማመኔ በፊት ስወድቅ ሰው ክብሪት ጭሮ አፍንጫዬ ስር ያደርግና ይሸሻል፤ ለሃጩ ይጋባል ብሎ። ቃሊቻ ቤት ሄድኩ፤ በጌን በልቶ ሸኘኝ። ሰው ሁሉ አስጠላኝ። ሚስቴ ስትሞት ከልጄ ከሌንሴ ጋር ቀረሁ። ስወድቅ በጎኔ አስተኝታ እስክነቃ የምትጠብቀኝ እሷ ብቻ ናት። ወደዚህ ጸሎት ቤት እየጎተተች ያመጣችኝም እሷ ናት። ፊደል የቆጠርኩት እዚሁ ነው፣ ከሸበትኩ በኋላ። ክብር ለጌታ!

ሌንሴ የተማረችው ኮምፒውተር ነው። ዘንድሮ ውጭ አገር በአንጎል ጥናት ዶክትሬት የምትማርበት ዕድል አገኘች።

«የኮምፒውተር ሰው አንጎል ውስጥ ምን ጥልቅ አደረገሽ?» አልኳት።

«አባዬ፣ አንጎልን ሐኪም ብቻውን አልቻለውም። የሒሳቡም፣ የሥነ ልቦናውም፣ የኮምፒውተሩም ሰው አብሮ ነው የሚያጠናው። ስመለስ እዚሁ ዩኒቨርሲቲ አስተምረዋለሁ። ግን አልሄድም። ለማን ጥዬህ?» አለች።

«ሂጂ» አልኳት። አፌ ነው ያለው እንጂ ልቤ አይደለም። እሳት ላይ ብወድቅስ? ሽንት ቤት ስገባ እንኳ በሩን መዝጋት ፈራሁ።

መድኃኒት የሚሰጠኝ ሐኪም፣ «መድኃኒቱን እንዳያቋርጡ፤ ብቻዎንም አይሁኑ» አለኝ።

«ከማን ጋር ልሁን? ካንተ ጋር?» አልኩት። ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም።

ያለፈው እሑድ እዚሁ፣ በዝማሬ መሃል ወደቅኩ። ሌንሴ እኔን ጥላ አክስቷን ልትጠይቅ እንኳ አልደፈረችም ነበር፤ እኔው ገፍቼ አክስቷ ወዳለችበት ሁሩታ የላክኋት ዕለት ነው። ስነቃ ወንበሩ ተገለባብጧል፤ እናንተ በር ላይ ተጠጋግታችኋል። እውነቱን ልናገር፤ የጌታ ሕዝብ እንደ ገበያ ሰው ሸሻችሁ! ጭንቅላቴ ግን በጎረቤቴ በአዴ ብርቄ ጭን ላይ ነው። በአጥር ተጣልተን የማንነጋገር አሮጊት! ለሃጬ ነጠላቸውን አርሶታል።

«አይፈሩም እንዴ?» አልኳቸው።

«ያ ዋቃዮ፣ አምላኬ! እፈራለሁ እንጂ! ሌንሴ ስታደርግ ያየሁትን ነው ያደረግኩት። አርፈህ ተኛ፣ አንተ ነገረኛ!»

ሃሌ ሉያ! እየፈሩ ነው የያዙኝ! እግዚአብሔር ፍርሃቴን ይወስድልኛል ብዬ ስጠብቅ፣ የሚፈራ ሰው እጅ ላከልኝ።

ማታ ሌንሴ ስትመለስ አዴ ብርቄ ቤታችን ገቡ። «ልጄ፣ ዕቃሽን ሸክፊ። ይሄ ሰውዬ በሩን አይቆልፍ እንጂ እኔ አለሁ» አሏት። ልጄ አልቅሳ እሺ አለች።

ነገ ትሄዳለች። እፈራለሁ፤ አሁንም ይህን ሳልጨርስ እወድቃለሁ ብዬ እየፈራሁ ነው የቆምኩት። ግን ጌታን አመሰግናለሁ። እናንተም እየፈራችሁም ቢሆን ታመኑት። እኔ ስወድቅ ደግሞ ክብሪት አትጫሩ፤ በጎኔ አስተኙኝ። የቤቴ በር ክፍት ነው።