ሰውየው ተገኝቷል

ወንድሜ የጭነት አውሮፕላን አብራሪ ነበር። ይህን ስናገር የሚሰማኝ ሁሉ ባርኔጣ የደፋ፣ በመንገደኞች መሀል እየተንጎራደደ የሚያልፍ ሰው ይታየዋል። የእሱ ሥራ እንዲያ አልነበረም። የሚሠራበት ድርጅት የታወቀ መሥመርም የታወቀ ቀንም የለውም። ዐረብ አገር አንድ ጥግ ላይ የቆሙ ጥቂት ያረጁ አውሮፕላኖች አሉት፤ ጭነት ያለው ሰው ሲደውል ይነሣሉ። ዛሬ የእርዳታ ዱቄት፣ ነገ የመኪና ሞተር፣ ከነገ ወዲያ በግ። ካልተደወለ አብራሪው ቤቱ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። ከተደወለ ግን የጎረሰውን ሳይውጥ ይነሣል።

መንግሥት በተለወጠ ማግስት አብረውት ከአየር ኃይል ከተበተኑት ጓደኞቹ አንዳንዶቹ ሰው የሚያጓጉዝ አየር መንገድ ገቡ፤ አንዳንዶቹ አዲስ አበባ ታክሲ ያዙ። እሱ ይህን መረጠ። ለምን ሲሉት፣ «ጭነት አይነጫነጭም፤ ሻይ ቀዘቀዘ አይልም» ይል ነበር።

አዲስ አበባ ቤት ተከራይቶ ቢቀመጥ ኖሮ አውሮፕላን ማረፊያ ለመድረስ አንድ ታክሲ ይበቃው ነበር። የጥበቃ ቀኖቹን ግን መካነ ሰላም፣ እኛ ዘንድ ነበር የሚያሳልፈው። አዲስ አበባ እሱን የመሰለ ሞልቷል፤ እዚህ ሲያልፍ ሰው ከተቀመጠበት ብድግ ይልለታል። ለዚያች ብድግታ ሲል፣ በተጠራ ቁጥር በአቀስታ ደጋ ብርድ አቋርጦ ደሴ ይገባል፤ አድሮ አዲስ አበባ ይወርዳል፤ ከዚያ በሌላ ሰው አውሮፕላን ተሳፋሪ ሆኖ ባሕር ይሻገራል። ካበረረው ይልቅ የተሳፈረው ሳይበልጥ አይቀርም።

ያኔ ለከተማው ያለው አንድ ስልክ ቤት ነው፤ መሥመሩን የምይዘውም እኔ ነበርኩ። ጅዳና ቤይሩት ያሉት ልጆች እናታቸውን ሲያስጠሩ በእኔ ጆሮ ያልፋሉ። ዘበኛችን ሽማግሌው ሄደው ይጠራሉ፤ ተጠሪዋ ነጠላዋን እየጎተተች ትደርሳለች። ለወንድሜ ግን ለብቻው የወጣ ደንብ ነበር፤ ያወጣውም ራሱ ነው። መሄድ ያልፈለገ ዕለት ጠዋት በመስኮቴ ብቅ ብሎ፣ «ዛሬ የለሁም» ይለኛል። ያን ቀን ከተደወለ «ሰውየው አልተገኘም» እላለሁ። አልሄድም ያለ አብራሪ ከሥራው ይወገዳል፤ ያልተገኘ ግን አገሩ ገጠር ነው፣ መሥመሩ ይቆረጣል ተብሎ ይታለፋል። በእኔ አፍ እየዋሸ፣ በእኔ ስም የመካነ ሰላምን ስልክ እያሳማ ኖረ።

ይህን ለምን እሠራለት እንደነበር እጠየቃለሁ። ታላቄ ስለሆነ ነው። በእኛ ቤት ታላቅ ወንድም አባት ነው፤ «አንቱ» እያልኩት ነው ያደግሁት።

ግን አንድ ነገር በሆዴ ነበር። ሦስተኛ ክፍል ሳለሁ፣ እሱ ዕጩ መኰንን ሆኖ ለዕረፍት መጣ። አባቴ ምሳ ላይ፣ «ይህችን ልጅ ላስተምራት ወይስ ልዳራት? አንተ የተማርከው ንገረኝ» አለው። ወንድሜ አጥንት እየጋጠ ነበር። አጥንቱን ከአፉ ሳያወጣ፣ «ስሟን ከጻፈች ምን ቀራት?» አለ። በዚያች አጥንት በተሞላች አፍ ወደ ጃማ፣ ደጎሎ አጠገብ፣ ለማላውቀው ሰው ተዳርኩ። ባሌ ብዙም ሳይቆይ ሞተ። ልጄን አዝዬ ተመለስኩና የማታ ትምህርት ገባሁ፤ የሚያስተምሩኝ ከእኔ በዕድሜ የሚያንሱ ነበሩ። አሥራ ሁለተኛን ስጨርስ ከፀጉሬ አንድ ሁለት ሽበት ይለቀም ነበር። ያነበብኩት መጽሐፍ ሁሉ ይቅር በይ ብሎ መከረኝ። መጽሐፍን አከብራለሁ፤ በዚህ ነገር ግን አልሰማሁትም።

ልጄ ዘጠነኛ ክፍል ደረሰች። ከጅዳ ተመልሶ የሕንፃ ዕቃ መሸጫ የከፈተ፣ ዕድሜው ከእሷ እጥፍ የሆነ ሰው ዓይኑን ጣለባት። ለወንድሜ አዲስ ቤት ቆርቆሮውን ያቀረበ እሱ ነው፤ ወዳጆች ነበሩ።

«ሽማግሌ ሊልክ ነው» አለኝ ወንድሜ።

«ጋሼ፣ ልጅቱ ትምህርት ላይ ናት።»

«ሴት ልጅ ዘጠነኛ ደርሳ ምን ቀራት? አንቺንስ አየንሽ አይደለም? አሥራ ሁለት ጨርሰሽ ስልክ ታነሺያለሽ!» ሳቀ። ቀልዱ ለራሱ ስለጣመው ደግሞ ሳቀ።

ዝም አልኩ። እሺ ያልኩት መሰለው። የሚያውቁኝ ሰዎች ሁሉ የሚሳሳቱት እዚህች ላይ ነው።

ሽማግሌ በተቀጠረበት ቅዳሜ ጠዋት ሙሉ ልብሱን ለብሶ፣ ጫማውን አስጠርጎ በመስኮቴ መጣ። «ዛሬ የለሁም። ቢደውሉ አልተገኘም በያቸው። ትልቅ ጉዳይ አለብኝ።»

«እሺ ጋሼ።»

ረፋዱ ላይ ተደወለ። የድርጅቱ የአዲስ አበባ ወኪል ናት፤ ድምፅዋን እለየዋለሁ። «ካፒቴኑን ፈልጊልኝ እባክሽ። ነገ ማታ እዚህ መድረስ አለባቸው።»

«ሰውየው ተገኝቷል» አልኳት።

«ተገኙ?»

«አዎ፣ እቤታቸው ናቸው። ዛሬውኑ ይነሣሉ ብለሽ መዝግቢ።»

«ኡፍ፣ ተመስገን! ባለፈውም፣ ከዚያ በፊትም አልተገኙም እኮ። ዛሬ ባይገኙ ሌላ ሰው ሊቀጥሩ ቆርጠው ነበር።»

ይህን አላውቅም ነበር። ዱላ ፍለጋ ወጥቼ ምሳር አገኘሁ።

መሥመሩን ለዘበኛው አደራ ብዬ ወደ ወንድሜ ቤት ወጣሁ። ሽማግሎቹ አራት ነበሩ፤ ሁለቱ እስላም፣ ሁለቱ ክርስቲያን፣ በአገራችን ወግ። ተመርቆ፣ ጠላው ለጠጪው፣ ሻዩ ለማይጠጣው ቀርቦ፣ ነገሩ ገና መጀመሩ ነው። በእኛ ዘንድ የሴት ወገን በመጀመሪያው ቀን ሰጠሁ አይልም፤ ልጅ እንደ መጣል ይቆጠራል። «ዘመድ ላማክር» ይልና ቀን ይቆርጥላቸዋል። ያን ቀን ሳይቆርጥ፣ ሽማግሌውን ሳይሸኝ ከመቀመጫው አይነሣም። ወንድሜም ይህን ያውቃል፤ እኔም ወንድሜ ማወቁን አውቃለሁ።

በሩ ላይ ቆሜ ሁሉም እንዲሰማ ተናገርኩ። «ጋሼ፣ ከሥራ ተጠርተዋል።»

ዓይኑን አጉረጠረጠብኝ። «አልተገኘም…» ብሎ ጀመረና ሽማግሎቹን አይቶ ዋጠው።

«ተገኝተዋል ብያለሁ። እንግዶቹ ፊት መዋሸት ነውር መሰለኝ። ነገ ማታ አዲስ አበባ ካልደረሱ በቦታዎ ሌላ ሰው ይገባል ብለዋል።»

ብድግ አለ። ቁጭ አለ። ደግሞ ብድግ አለ።

«ምነው ጌታው?» አሉ አንደኛው ሽማግሌ፣ ነጭ ቆብ ያደረጉት፣ «አውሮፕላኑ ደጅ ቆሟል እንዴ? ሞተሩ አልተሰማንም።»

«አባቶቼ፣ ይቅርታ አድርጉልኝ፤ ግዴታ ነው…»

«አብሽር፣ ማንም ግዴታ አለበት። ቀን ይቁረጡልንና ይሂዱ።»

ወንድሜ የሚቆርጠው ቀን አልነበረውም። ያን ሥራ ከመረጠ ጀምሮ ቀኑ የደዋዩ ነው፤ ሲለቁት ይመጣል፣ ሲጠሩት ይሄዳል። «ስመለስ… ቀኑን የማውቀው ሲለቁኝ ነው» አለ።

«መቼ ይለቁዎታል?»

«አይታወቅም።»

«ወላሂ፣ የራሱን ቀን የማያውቅ ሰው የልጅ ቀን ይቆርጣል ብለን መምጣታችን!» አሉና ጓደኞቻቸውን አዩ። ሌላኛው ሽማግሌ ለማብረድ ወደ እኔ ዞሩ። «በሉ እናቲቱ ትቁረጥልን፤ እሷም ወላጅ ናት።»

«እኔ ስልክ ነው የማነሣው አባቴ» አልኳቸው። «ቃሉ የእሳቸው ነው።»

ወንድሜ አየኝ። ያኔ ገባው። ሽማግሎቹ ተቀምጠው ሳሉ እሱ ወጣ፤ በአገራችን ሽማግሌ ረግጦ መሄድ ማለት ይኸው ነው።

አውቶቡሱ ጠዋት ሄዷል። የተገኘው ለደሴ ስንዴ የጫነ አይሱዙ ነበር፤ ጋቢናው ሰው ሞልቶታል። ካፒቴኑ በሙሉ ልብሱ፣ በተጠረገ ጫማው ጆንያ ላይ ወጣ። ከጫኞቹ አንዱ ከታች፣ «ካፒቴን፣ ገመዱን ጠበቅ ያርጉ፤ ይኼ ቀበቶ የለውም!» አለው። ገበያተኛው ሳቀ። እኔ ስልክ ቤቱ በር ላይ ቆሜ ነበር። መኪናው ሲነሣ አስፋልት የማያውቀው መንገዳችን አቧራውን አነሣበት፤ ነጭ ሸሚዙ እስኪጠፋ ቆሜ አየሁት። ደስ አለኝ። ደስታዬ የክርስቲያን ደስታ አልነበረም፤ ለነፍስ አባቴም አልተናገርኩትም። ከዚያ ገብቼ መሥመሩን ከዘበኛው ተረከብኩ።

ሽማግሎቹ የቀረ ጠላና ሻያቸውን ጠጥተው፣ ቤቱን ሳይመርቁ ወጡ። ወሬው ከእነሱ ቀድሞ ገበያ ደረሰ። ወንድሜ ሲያልፍ ብድግ የሚለው ሰው፣ ከዚያ ወዲህ ቀና ብሎ አይቶት ወደ ጨዋታው ይመለሳል። ቆርቆሮ ነጋዴው ቂም ያዘ፤ ሽማግሌ የተረገጠበት በር ላይ ዳግም አይላክም። ወደ አጎራባቹ ማሻ ዞሮ ከቤይሩት የተመለሰች፣ የራሷ ሱቅ ያላት ሴት አገባ። እሷ ነች የምታዝዘው ይላሉ።

ከሳምንታት በኋላ ወንድሜ ከባሕር ማዶ ደወለ። ሌላ የሚያነሣ የለም፤ እኔ ነኝ።

«ሽማግሎቹን ፈልጊያቸው። ይቅርታ ብሏል፣ በመጪው ወር ይመጣል በያቸው።»

«ጋሼ፣ ነገሩ አልቋል። ሰውየው አግብቷል።»

«አንቺ አውቀሽ ነው» አለ።

«አዎ ጋሼ። አውቄ ነው።»

«ምን ያለሽ ክፉ ሴት ነሽ!» አለ። ሌላም ብዙ አለ፤ ሥራዬ መስማት ስለሆነ ሁሉንም ሰማሁት። ሲደክመው፣ «ልጅቱን ጥሪያት፣ እኔ ራሴ አነጋግራታለሁ» አለ።

«አሁን አትገኝም» አልኩት። «ፈተና ላይ ናት።»